የካራማው ክርክር፦ የማኅበር ጨዋታና የብቻ ጨዋታ

ካለፈው ወር ጀምሮ በማኅበራችን አባሎች መካከል የተነሣ አንድ ክርክር እስከ ዛሬ መቋጫ አላገኘም። ነገሩ ላይ ላዩን ሲታይ ቀላል ነው። ከወርኃዊው መዋጮ በተረፈው ገንዘብ አንድ አሮጌ የቪዲዮ ጨዋታ መሣሪያ ከጥቂት ጨዋታዎች ጋር ተገዝቶ፣ እሑድ እሑድ በምንሰበሰብበት በካራማው ቤት እንዲቀመጥ በሙሉ ድምፅ ወስነናል። የትኞቹ ጨዋታዎች ይገዙ በሚለው ላይ ግን ድምፁ ለሁለት ተከፈለ። ሁለት ስብሰባ አለቀበት። በሦስተኛው ላይ አንዳንዱ ቡናውን ሳይጨርስ ተነሥቶ ሄደ። የዚህ ልሳን አዘጋጆች የሆንን እኛ ከሁለቱ ወገኖች አንደኛውን እንደግፋለን፤ አቋማችንን ደብቀን ገላጋይ ለመምሰል አንፈልግም።

«የጨዋታ ነገር ምን ቁም ነገር ሆኖ በማኅበር ልሳን ላይ ይጻፋል?» የሚሉ ወንድሞች እንዳሉ እናውቃለን። አንደኛ፣ ገንዘቡ የሁላችንም ነው። ሁለተኛ፣ ከዱባይ፣ ከሻርጃና ከአጅማን ዩኒቨርሲቲዎች፣ እንዲሁም ከየሥራ ቦታው የምንመጣ ሰዎች ፊት ለፊት የምንተያየው በሳምንት አንድ ከሰዓት ብቻ ነው። ይህ አገር ከጥር 2022 ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እንጽፋለን) ዋናውን የዕረፍት ጊዜ ከዓርብና ቅዳሜ ወደ ቅዳሜና እሑድ አዛውሯል። ከዚያ ወዲህ የተማሪው ዕረፍትና የብዙው ሠራተኛ ዕረፍት እሑድ ላይ ይገናኛሉ። በዚያች ከሰዓት ምን እንደሚደረግ የሚወስን ሰው ማን እንደሚመጣና ማን እንደሚቀርም እየወሰነ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ ቀልድ አይደለም።

የጨዋታዎቹን ዝርዝር ያቀረበው ጓዳችን በመካከላችን ስለነዚህ ነገሮች ከሁሉም ይበልጥ የሚያውቅ ሰው ነው። ይህን ሳንናገር ብናልፍ ነውር ይሆንብናል። በዝርዝሩ ራስ ላይ የ1998ቱ «ዜልዳ፦ ኦካሪና ኦፍ ታይም» አለ። ቀጥሎ የ1997ቱ «ፋይናል ፋንታሲ 7»፣ የ1994ቱ «ሱፐር ሜትሮይድ»፣ የ1995ቱ «ክሮኖ ትሪገር»፣ የ1998ቱ «ሜታል ጊር ሶሊድ» ይከተላሉ። የጨዋታ ተቺዎች ዘንድ የእነዚህ ስም ትልቅ ነው። «ኦካሪና ኦፍ ታይም» የተቺዎችን ነጥብ በሚያሰባስበው በሜታክሪቲክ 99 ከመቶ አግኝቶ በአንደኛነት ተቀምጧል። ታላቅነታቸውን አንክድም፤ አንዳንዶቻችንም እስከ ንጋት የተጫወትናቸው ናቸው።

ይሁን እንጂ ዝርዝሩን ቀረብ ብለን ስንመረምረው ሁለት ነገር እናያለን። የመጀመሪያው የሒሳብ ጉዳይ ነው። «ዜልዳ» የሚሠራው በኔንቲዶ 64 ነው፤ «ሱፐር ሜትሮይድ» በሱፐር ኔንቲዶ፤ «ፋይናል ፋንታሲ 7» ደግሞ በፕሌይስቴሽን። ማኅበሩ የወሰነው አንድ መሣሪያ እንዲገዛ ሲሆን ዝርዝሩ ሦስት ይጠይቃል። ይህን ጓዳችን ራሱ ሲነገረው ስቋል። ሁለተኛው ግን የሚያስቅ አይደለም። አምስቱም ጨዋታዎች አንድ ጆይስቲክ ብቻ የሚጠይቁ ናቸው። አንድ ሰው ይጫወታል፤ የቀረው ሰው ያያል።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሞክረን አይተነዋል። ባለፈው ወር አንድ እሑድ ጓዳችን የራሱን ፕሌይስቴሽን አምጥቶ «ፋይናል ፋንታሲ 7»ን አስጀመረን። ጨዋታው በሦስት ዲስክ የተሞላ ረጅም ታሪክ ነው፤ ሰዎቹ የሚናገሩት በድምፅ ሳይሆን በጽሑፍ ነው፤ ጽሑፉም እንግሊዝኛ ነው። ጓዳችን ለማያነቡት ሲል መስመር በመስመር ወደ አማርኛ መመለስ ጀመረ። መጀመሪያ ላይ ደስ ይል ነበር። የጨዋታው ሰዎች ከመጀመሪያዋ ከተማ ከሚድጋር ሳይወጡ ግን ድምፁ ሰለለ፤ ከዚያ ዋና ዋናውን ብቻ ይነግረን ጀመር፤ በመጨረሻ ዝም ብሎ ብቻውን ያነብ ነበር። ሦስት ሰዎች ከጀርባው ቆመው አዩ። ሁለት ሰዎች በስልካቸው ተጠመዱ። አንዲት እህታችን ደግሞ ሲኒዎቹን ሰብስባ ወደ ኩሽና ገባች።

ይህች እህታችን አጅማን በሰው ቤት ሠራተኛ ናት። በ2022 የወጣው 9ኛው የፌዴራል ሕግ ለቤት ሠራተኛ በሳምንት አንድ ቀን ከነደመወዙ ዕረፍት ይፈቅዳል። እሷ እጅ ላይ የሚደርሰው ግን፣ እንደ ነገረችን፣ ከምሳ በኋላ ያለው ጊዜ ነው፤ እሱም በየሳምንቱ አይደለም። ከአጅማን በአውቶቡስ፣ ከዚያም በቀዩ የሜትሮ መስመር መጥታ፣ ኤዲሲቢ በተባለው ግን እኛ እስካሁን «ካራማ» እያልን በምንጠራው ጣቢያ ትወርዳለች። መንገዱ ከተጨናነቀ (የሻርጃና የዱባይ መንገድ ደግሞ የማይጨናነቅበትን ቀን አናውቅም) ከእኛ ጋር የምትቆየው ሦስት ሰዓት ያህል ነው። በዚያ ቀን ከሦስቱ ሰዓት ሁለቱን ያሳለፈችው ሲኒ፣ ጀበናና ያለፈው ቀን ድስት ስታጥብ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ የምትሠራውን ሥራ ልትሠራ ያን ሁሉ መንገድ መጣች ማለት ነው። በቀጣዮቹ ሁለት እሑዶች አልመጣችም።

ግለ ሂስ ማድረግ ካለብን እዚህ ላይ ነው። ከእኛ አንዱም «ተይው፣ እኛ እናጥበዋለን» አላለም። ሁላችንም ያስተዋልነው ከሄደች በኋላ፣ ኩሽናው ከምንጊዜውም ይበልጥ ጸድቶ ስናየው ነው።

ከዚያ በፊት በነበረው እሑድ የሆነውን ደግሞ እንናገር፤ ክርክሩ የሚገባው ሁለቱ ቀኖች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው። ያን ቀን በዚያው መሣሪያ ላይ የነበረው «ቴክን 3» ነው፤ በ1997 በመጫወቻ አዳራሾች፣ በ1998 ደግሞ ለፕሌይስቴሽን የወጣው የድብድብ ጨዋታ። ሕጋችን አገር ቤት የምናውቀው ነው፤ ያሸነፈ ይቀጥላል፣ የተሸነፈ ይነሣል። ከሻርጃ የመጣ አንድ ወንድማችን አምስት ሰው አከታትሎ አስነሥቶ ደረቱን ነፍቶ ተቀምጧል። ጆይስቲክ ነክታ የማታውቀው እህታችን ተራ ደረሳት። የመረጠችው ኤዲ ጎርዶን ነው፤ ካፖይራ የሚጫወተውን ብራዚላዊ። (ካፖይራን የፈጠሩት ወደ ብራዚል በባርነት የተወሰዱ አፍሪካውያን መሆናቸውን ያን ዕለት ከመካከላችን የነገራት አለ፤ እሷ ግን የመረጠችው ሱሪው አምሯት ነው።) «ቴክን»ን የተጫወተ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ኤዲ በእግሩ እየተሽከረከረ ስለሚማታ የእርግጫውን ቁልፎች ዝም ብሎ የሚደበድብ ጀማሪ እንኳ ሊያሸንፍበት ይችላል። አሸነፈች።

«ምን አድርጌ ነው? ደግሞ ልንካው እንዴ?» አለች።

«ዕድል ነው! ዝም ብለሽ እኮ ነው የጨፈለቅሽው!»

«ዕድልም ይሁን፤ ተነሣ። ሕጉ እንዲያ ነው አላችሁ።»

ወንድማችን ተነሣ። እሷ ሁለት ሰው ጨምራ አስነሣች። ሲኒውን ያን ቀን ማን እንዳጠበው አናስታውስም፤ ምናልባትም ሳይታጠብ አድሯል።

ጓዶች፣ ክርክሩ ይህ ነው። የዝርዝሩ ደጋፊዎች ኤዲ ጎርዶ የ«ቴክን 3» ጉድለት ነው ይላሉ፤ ዐዋቂ በማያውቅ የሚሸነፍበት ጨዋታ ሚዛኑን የሳተ ነው፣ በውድድርም አያኮራም ይላሉ። ለውድድር ሲባል እውነታቸውን ነው። ለእኛ ክፍል ግን ከጨዋታው ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። መቶ ጊዜ የተጫወተውንና ዛሬ የጀመረችውን ሰው አንድ አግዳሚ ላይ የሚያስቀምጥ፣ ጀማሪዋ እንድታሸንፍ ቀዳዳ የሚተው፣ በሁለት ደቂቃ አልቆ ተራውን ለሌላ የሚለቅ ነገር ነው።

ስለዚህ መለኪያችን «ይህ ጨዋታ ታላቅ ነው ወይ?» አይሆንም። እንግሊዝኛ የማታነብ፣ ሦስት ሰዓት ብቻ ያላት፣ በሚቀጥለው ሳምንት ለመምጣቷ እርግጠኛ ያልሆነች ሰው ከአንድ የማታውቀው ሰው አጠገብ ተቀምጣ ወዲያው ልትጫወተው ትችላለች ወይ? የምንጠይቀው ይህን ነው። በዚህ ሚዛን ስንመዝን ታዋቂዎቹ ሁሉ አያልፉም፤ ስም የሌላቸው አንዳንዶች ደግሞ ያልፋሉ።

ለምሳሌ «ሱፐር ማሪዮ»ን እንውሰድ። በ1985 የወጣው ይህ ጨዋታ ከ40 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል፤ የደራሲውን የሺገሩ ሚያሞቶን ስምም ዓለም ያውቀዋል። በሽፋኑ ላይ ለሁለት ሰው ነው ይላል። ነገር ግን ሁለቱ ሰዎች የሚጫወቱት በየተራ ነው፤ አንደኛው ካልሞተ ሁለተኛው አይጀምርም። ጎበዙ ሰው ሩብ ሰዓት ሳይሞት ይሄዳል፤ ተራ ደርሶት የማያውቀው ደግሞ በመጀመሪያዋ እንጉዳይ ይሞትና ጆይስቲኩን ይመልሳል። ካልቻሉት ሰዎች ላይ ጊዜ ወስዶ ለቻሉት የሚጨምር ጨዋታ ነው። ስንት ልጅ የወንድሙን ማሪዮ እያየ እንዳደገ ቤቱ ይቁጠረው! ይህን ስንል በስብሰባው ላይ ጩኸት ተነሥቶ ነበር፤ አሁንም ሊነሣ ይችላል። አቋማችን ግን አልተለወጠም።

በዚያው በ1985 ናምኮ ለዚያው መሣሪያ ያወጣው «ባትል ሲቲ» የታንክ ጨዋታ ነው፤ ከፈረንጆቹ የታላላቆች ዝርዝር ውስጥ ብዙም አይገኝም። እኛ ዘንድ ግን በየቅጂ ካሴቱ ውስጥ ስለነበር ብዙዎቻችን ከማሪዮ እኩል እናውቀዋለን። ሁለት ሰዎች በሁለት ታንክ ሆነው አንዲት የንስር ምልክት ያለባትን ሰፈር ይጠብቃሉ። 35 መድረኮች አሉት። ጥይትህ ጓደኛህን ከመታ ጓደኛህ ለጊዜው ደንዝዞ ይቆማል፤ ጥይትህ የራስህን ሰፈር ከመታ ደግሞ ሁለታችሁም አለቀላችሁ። እንግዲህ ዝም ብሎ መተኮስ አይቻልም፤ «አንተ ግራውን ያዝ፣ እኔ በሩን እጠብቃለሁ» መባባል የግድ ነው። በካራማው ቤት ከመቐለ የመጣና ከሐዋሳ የመጣ ሁለት ሰው ይህን ጨዋታ ሲጫወቱ ስማቸውን ሳይጠያየቁ ሲቆጣጡ ሰምተናል። ስማቸውን የተጠያየቁት ንስሯ ከፈነዳች በኋላ ነው።

«ኮንትራ»ም እንደዚሁ ነው፤ ኮናሚ በ1987 በአዳራሽ፣ በ1988 በቤት መሣሪያ ያወጣው። ሦስት ነፍስ ብቻ ስለሚሰጥ ለጀማሪ ይከብዳል፤ ነገር ግን ላይ ላይ፣ ታች ታች፣ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ የሚለውን የቁልፍ ምሥጢር የሚያውቅ ሰው 30 ነፍስ ያገኛል። በዚህ ጨዋታ ውስጥ ስለ ማኅበር ኑሮ ብዙ የሚናገር አንድ ቦታ አለ፤ ፏፏቴው። ሁለቱ ተጫዋቾች ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ማያ ገጹም ከፊተኛው ጋር ይወጣል። ፊተኛው ከቸኮለ ኋለኛው ከታች ተቆርጦ ይሞታል። ጠላት ሳይነካው፣ ጓደኛው ስለሮጠ ብቻ። እዚያ ቦታ ላይ የሰውን ጠባይ ለማወቅ ከብዙ ስብሰባ አንድ ፏፏቴ ይበልጣል።

በእግር ኳሱ ላይ ብዙ አንከራከርም፤ ሁሉም ወገን «ዊኒንግ ኢለቨን»ን ይቀበላል። የቀረው ጥያቄ የትኛው ዓመት የሚለው ነው። እኛ የ2006ቱን እንመርጣለን፤ በአውሮፓ ስሙ «ፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር 6» የተባለውን። ብራዚላዊው አድሪያኖ የምቱ ኃይል 99 የነበረበት ነው። አንድ ሁኔታ ግን እንጨምራለን፤ ኢንተርን የመረጠ ሰው አድሪያኖን አግዳሚ ላይ ያስቀምጥ። ኮናሚ ይህን ስም በ2021 ትቶ «ኢፉትቦል» ብሎታል፤ አዲሱ በኢንተርኔት ላይ የተመሠረተ ስለሆነ አይመለከተንም።

ይህን መለኪያ እኛ ከኪሳችን ያወጣነው የሚመስላቸው ካሉ አባቶቻችን የተጫወቱትን ይመልከቱ። ገበጣን አንድ ሰው ብቻውን አይጫወትም። የአገራችን ሰንጠረዥ ደግሞ ከዓለም ሁሉ የተለየ አከፋፈት ነበረው፤ ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 ስለ ኢትዮጵያ ሰንጠረዥ በጻፈው ጥናት ውስጥ ይገኛል። «ወረራ» በሚባለው መጀመሪያ ላይ ተጫዋቾቹ ተራ አይጠብቁም፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም እንደ ፈለጉ፣ እንደ ፈጠኑ ያንቀሳቅሳሉ። ጠቢቡም ጀማሪውም በአንድ ጊዜ እጁን ገበታው ላይ ያደርጋል። ማሪዮን ስንነቅፍ እንግዲህ ከሰማይ የወረደ ሐሳብ አላመጣንም።

የእኛ የራሳችን የጨዋታ ታሪክም በዝርዝሩ ውስጥ የለም። በአዲስ አበባም ሆነ በባሕር ዳር፣ በደሴም ሆነ በጎንደር ያደግን ሰዎች ጨዋታን የተማርነው በፕሌይስቴሽን ቤት ነው። የቆርቆሮ ግድግዳ፣ ሁለት ሦስት ቴሌቪዥን፣ አንድ ረጅም አግዳሚ፣ በር ላይ ገንዘብ የሚሰበስብ ልጅ። ከውጭ ጆተኒ ይንኳኳል። ወፍጮ ቤት ተልኮ እህሉን አስቀምጦ እዚያ የተገኘ ልጅ፣ እናቱ በር ላይ ስትደርስ የሚሆነው ይታወቃል። መብራት ሲጠፋ «የከፈልኩበት ገና ነበር» የሚለው ሙግት ከጨዋታው ይረዝም ነበር። የባሕረ ሰላጤው ልጆችም የየራሳቸው ትዝታ አላቸው፤ እዚህ አካባቢ ትልልቆቹ ሰዎች ማንኛውንም የጨዋታ መሣሪያ «አታሪ» ሲሉ እንሰማለን፤ በ1980ዎቹ ደግሞ «ሳክር» የተባለው፣ በኩዌቱ አል አላሚያ ኩባንያ ለገበያ የቀረበው በዐረብኛ የሚሠራ ኮምፒዩተር የጨዋታ ካሴት ይጎርስ ነበር። የእነዚህ ሁሉ ልጆች ትዝታ የፈረንጅ መጽሔት ዝርዝር ውስጥ ስለሌለ ብቻ ከንቱ ነውን?

እዚህ ላይ ግን ያን ዘመን ከመጠን በላይ እንዳናሞግስ እንጠንቀቅ። በነዚያ ቤቶች ውስጥ ሴት ልጅ አትታይም ነበር። ማንም አልከለከላትም እንላለን፤ ግን ወፍጮ ቤት የተላከች ሴት ልጅ እግረ መንገዷን እዚያ ገብታ ብትገኝ የሚጠብቃት ከእኛ ይብስ እንደነበር እናውቃለን። አጅማናዊቷ እህታችን ጆይስቲክ ነክታ የማታውቀው በአጋጣሚ አይደለም።

ስለ «ቴትሪስ» ለየት ያለ ነገር መናገር አለብን፤ የብቻ ጨዋታ ሆኖ ሳለ በሁለቱም ዝርዝር ላይ ያለው እሱ ብቻ ነው። አንብቦ መረዳት አያስፈልገውም፤ በአንድ ደቂቃ ይገባል፤ ሲያልቅም ለጎረቤት ይተላለፋል። የፈጠረው አሌክሲ ፓጂትኖቭ በሞስኮ በሳይንስ አካዳሚው የኮምፒዩተር ማዕከል ተቀጥሮ ሲሠራ፣ በ1984፣ «ኤሌክትሮኒካ 60» በተባለ መሣሪያ ላይ ነው። የውጭ ሽያጩን የያዘው የመንግሥት ድርጅት ነበር። ጨዋታው በ1989 ከጌም ቦይ ጋር ወጥቶ ከ35 ሚሊዮን በላይ ሲሸጥ ደራሲው የድርሻ ገንዘብ አላገኘም፤ ያገኘው ከ1996 በኋላ ነው። በውጭ አገር እየተማረ ሥራውን ማን እንደሚበላለት ለማያውቅ ተማሪ ይህ ታሪክ ከጨዋታው እኩል ይጠቅማል። አንድ ነገር ብቻ እንጨምር። ለኔንቲዶ መሣሪያ ከወጡት ሁለቱ «ቴትሪስ»ዎች ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያጫውተው ቴንገን የተባለው ኩባንያ ያወጣው ነበር፤ እሱም በ1989 በፍርድ ቤት ትእዛዝ ከገበያ ተነሣ። በሕግ የቀረው የብቸኛው ነው።

ከዚህ ጋር አንድ ስም እናንሣ። ካሴት ቀይሮ ሌላ ጨዋታ መጫወት የሚቻልበት የመጀመሪያው የቤት መሣሪያ በ1976 የወጣው የፌርቻይልድ «ቻነል ኤፍ» ነው፤ ሥራውን የመራው ጥቁር አሜሪካዊው መሐንዲስ ጄሪ ሎሰን ነው። እስከ 2011 በሕይወት ነበር፤ ስሙን ግን የምናውቅ ጥቂቶች ነን። እውነቱን ለመናገር የቻነል ኤፍ ጨዋታዎች ዛሬ ለመጫወት አይሆኑም፤ አሰልቺ ናቸው፤ ጥቁር ሰው ስለሠራው ብቻ ይገዛ የሚለውን ሐሳብም አልደገፍንም። የሰውየው ታሪክ ግን በሚቀጥለው እትም ለብቻው ይጻፋል።

ሌላው ክርክር የቅጂ ጉዳይ ነው። ካራማ የሚለው ስም ለጎብኚ የሚነግረው ቦርሳና ሰዓት ነው፤ ከገበያው መደብሮች ደጃፍ ላይ ማን ምን እያለ እንደሚጠራህ ሁላችንም እናውቃለን። «እኛም ቅጂ ገዝተን የካራማን ስም እናድምቅ ወይ?» ብሎ አንድ ወንድም ጠይቋል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ማኅበር ሕግ ማክበር አለበት፤ የዚህ አገር የባለቤትነት መብት ሕግም በ2021 በ38ኛው ድንጋጌ ታድሷል። ስለዚህ በማኅበሩ ገንዘብ የሚገዛው ሁሉ ዋናው፣ ያገለገለ ዲስክ ይሁን እንላለን። ነገር ግን በቅጂ ያደገን ሰው ሌባ እያሉ መዝለፍ ይቅር። የቪዲዮ ጨዋታ ታሪክን የሚጠብቅ አንድ የአሜሪካ ድርጅት በ2023 ባወጣው ጥናት፣ በዚያ አገር ከወጡት ጥንታዊ ጨዋታዎች 87 በመቶው ዛሬ በገበያ ላይ አይገኙም። ባለቤቱ ራሱ መሸጥ የተወውን ነገር ያቆየው ብዙ ጊዜ ቀጂው ነው። በነገራችን ላይ አንድ አባላችን በውሰት እሰጣለሁ ያላት፣ «ባትል ሲቲ»ና «ኮንትራ» ያሉባት ትንሿ መሣሪያም ራሷ የፋሚኮም ቅጂ ናት። ይህን ከአቋማችን ጋር እንዴት እንደምናስታርቀው ገና አልተስማማንም፤ አንዳንዶቻችን የውሰት ዕቃ የማኅበር ንብረት አይደለም በሚለው ተጽናንተናል።

የዝርዝሩ ደጋፊዎች ያቀረቡት ጠንካራ መከራከሪያ አንድ ነው፤ እሱንም ሳንሸሽ እንመልሳለን። «ፋይናል ፋንታሲ 7» እንደ ልብ ወለድ ነው፤ ሰውን ያስለቅሳል፤ ሁልጊዜ ቡጢና ኳስ ብቻ ከሆነ አእምሯችን ምን ያገኛል? ይላሉ። ልክ ናቸው፤ ልብ ወለድ ነው። ልብ ወለድን ግን ሰው ወስዶ ቤቱ ያነበዋል። ጓዳችን ጨዋታዎቹን በውሰት ለማንኛውም አባል ለመስጠት ፈቃደኛ መሆኑን በስብሰባው ላይ ተናግሯል፤ ይህ የሚያስመሰግነው ነው። በአንድ ቤት አራት ሰው በሚያድርበት፣ ቤድ ስፔስ ተከራይቶ በመጋረጃ ተከልሎ የሚኖር ተማሪ ደግሞ የብቻ ጨዋታ የሚጫወትበት ጸጥታ እንደማያገኝ ስለምናውቅ፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ መሣሪያው ቤቱ ላለበት አባል በየተራ ይሰጥ የሚል ሐሳብ ጨምረናል። እሑድ ከሰዓት ግን ሁለት ጆይስቲክ የሚሰካበት ነው።

ለመጪው እሑድ ስብሰባ የምናቀርበው እንግዲህ ይህ ነው። መሣሪያው ፕሌይስቴሽን 2 ይሁን። ከ155 ሚሊዮን በላይ ስለተሸጠ ያገለገለው በርካሽ ይገኛል፤ የመጀመሪያውን ፕሌይስቴሽን ዲስኮችም ስለሚያነብ «ቴክን 3»ም «ፕሮ ኢቮሉሽን 6»ም በአንድ ዕቃ ይሠራሉ። ሁለተኛ ጆይስቲክ ከመጀመሪያው ቀን ይገዛ፤ «በኋላ እንገዛለን» የሚባል ነገር አንቀበልም። ከተረፈ ገንዘብ እስከ አራት ሰው የሚያጫውት አንድ «ቦምበርማን» ይጨመር፤ እንዲህ ያለውን ለማጫወት ተጨማሪ መሰኪያ እንደሚያስፈልግ ገዢው ኮሚቴ አይርሳ። ቴሌቪዥኑ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ የአሮጌ መሣሪያ ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ሽቦ ብዙዎቹ አዳዲስ ቴሌቪዥኖች አይቀበሉትም፤ በመቀየሪያ ሲገናኝ ደግሞ ቁልፉ ከተነካ በኋላ ሥዕሉ ሊዘገይ ይችላል፤ በ«ቴክን» ላይ ያ ሞት ነው። ወፍራም አሮጌ ቴሌቪዥን ያለው ወይም ጎረቤቱ ሊጥል ሲል ያየ አባል እስከ ዓርብ ያሳውቀን።

ለአጅማኗ እህታችን ደውለን ነበር። ጨዋታውን ጠልታ እንዳልቀረች፣ የቤቱ እመቤት እንግዳ ስላለባቸው እንዳልለቀቋት ነገረችን። ይህን ማመን እንፈልጋለን፤ ሙሉ በሙሉ ግን አላመንነውም። መጪውን እሑድ ከተፈቀደላት እንደምትመጣ ነግራናለች፤ «ያ የሻርጃው ልጅ አለ?» ብላም ጠይቃለች። አለ ብለናታል።

የሲኒ ማጠቢያው ተራ ተጽፎ ኩሽናው በር ላይ ተለጥፏል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ስሞች የዚህ ልሳን አዘጋጆች ናቸው።